እንጦጦ ላይ ስልክ ሲጠራ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ማለዳ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ያገናኛል። ሽቅብ የሚወጣው የስፖርት ልብስ ለብሷል፤ ቁልቁል የሚወርደው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሟል። የሚሸከሙት እናቶች ናቸው። ጎንበስ ብለው ሲያልፉ፣ እኔ ጡረተኛዋ በሩጫ ጫማ ቆሜ "እንደምን አደራችሁ" ስል ሁልጊዜ እፍረት ቢጤ ይሰማኛል። እነሱ የሚወርዱት ለእንጀራ ነው፤ እኔ የምወጣው "ደም ግፊትሽን በእንቅስቃሴ ተቆጣጠሪ" ስለተባልኩ ነው። ያንኑ ምክር ስንት ዓመት ለሰው ስሰጥ ኖሬ!

ዛፉም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር በዙሪያዋ የማገዶ እንጨት እየጠፋ ሄደና በእሳቸው ዘመን ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጣ። ዛሬ እናቶቹ ጀርባ ላይ የማየው ያው ነው። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ መኪናው በዝቷል፤ እኔ ግን አሁንም የምወደው የድሮውን የእግር መንገድ ነው።

ሩጫ ስል እነደራርቱ የሚሮጡትን እንዳይመስላችሁ። ሶምሶማ ናት፤ ዳገቱ ሲጠና ደግሞ እርምጃ። ከላይ ስንደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር እናልፋለን፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው በሲሶ ገደማ ያንሳል። እዚያ ላይ ወሬ እንደልብ አይወራም።

ልጄ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ለገና በሰው እጅ የስፖርት ሰዓት ላከችልኝ። "እማዬ፣ ስትሮጪ ስደውል አታነሺም፤ በዚህ ታነሺዋለሽ" አለችኝ። በነርስነት ዘመኔ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ሳላስር ተረኛ ገብቼ አላውቅም። ይህኛው ግን ምቱን ራሱ ይቆጥራል፤ ከሥሩ አረንጓዴ መብራት እያበራ። በጣቴ እየቆጠርኩ አመሳከርኩት፤ ብዙም አልተሳሳተም።

የመጀመሪያው ጣጣ የመጣው ጥር ላይ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ዳገቱ መሀል ሰዓቱ ነዘረኝ። የልጄ ስም። እሷ ጋ ከምሽቱ 4 ተኩል ነው። አረንጓዴዋን ነካሁና እጄን ወደ አፌ አስጠግቼ "ሄሎ! ሄሎ!" አልኩ። ዝም። ኔትወርክ ነው ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ለካስ የኔው ዓይነት ሰዓት ማይክሮፎንም ድምፅ ማጉያም የለውም! አረንጓዴዋን ስነካ ጥሪው የተከፈተው ወገቤ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ፣ ስልኩ ላይ ነው። ልጄ የሰማችው ጨርቅ ሲፋተግ፣ ውሻ ሲጮህና እናቷ ስታለከልክ ነው። "እማዬ! እማዬ!" ብትል መልስ የለም። ከዚያ ከዛፉ ውስጥ ስገባ ኔትወርኩ ጠፋ፤ መስመሩም ተቋረጠ። እሷ የምታስበውን እናንተው ገምቱ።

እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ቁጭ ብዬ ውሃ ስጠጣ ወንዱ ልጄ በቤት ነጠላ ጫማ ከመኪናው ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ሞተሽ መስሎን ነው እኮ!" ብሎ ጮኸብኝ። እኔም መልሼ ጮህኩበት። አሁን ሳስበው የተቆጣነው ስለደነገጥን ነው። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ማለዳ የሚደወል ስልክ ለማንም ልብ አይበጅም፤ ባሕር ማዶ ላለ ልጅማ ይብሳል።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱን በደንብ አጠናሁት። ደዋዩን ያሳየኛል፤ ያ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ ስልክ ፍለጋ ቦርሳ አልበረብርም። ቀዩን ከነካሁ ጥሪው ይዘጋል። ይህን ግን አልወደውም፤ እኛ ዘንድ "ስልክ ዘጋችብኝ" ማለት ቀላል ወቀሳ አይደለም። ሦስተኛው ምርጫ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አጭር መልእክት መላክ ነው። እኔ "ሩጫ ላይ ነኝ፣ ደኅና ነኝ" የሚል አስጽፌበታለሁ። የሚሄደው በስልኬ መስመር ስለሆነ ወደ ውጭ አገር ዋጋው ይሰማል፤ ከወንዱ ልጄ ድንጋጤ ግን ይረክሳል።

ጆሮ ላይ የሚሰካውን ማዳመጫ አልወሰድኩም። ጅብም ሚኒባስም ከኋላዬ ሲመጣ መስማት እፈልጋለሁ።

አንድ የነርስ ነገር ልጨምር። እየተንቀሳቀሱ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ እንቅስቃሴው መጠነኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ ከባድ ነው። ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት ዕድሜን ከ220 መቀነስ የተለመደ ስሌት ነው፤ ለኔ ለ64 ዓመቷ 156 ይመጣል፤ የልብ ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ስለዚህ ዳገት ላይ ስልክ ለማንሳት መሮጥ አያስፈልግም፤ መቆም ነው የሚያስፈልገው። ከመንገዱ ዳር ወጥቶ፣ ትንፋሽ ሰብስቦ፣ ከዚያ "አቤት"።

ከልጆቼ ጋር ውል ገባን። አንዴ ከደወሉ ወሬ ነው፤ መልእክት እልካለሁ። ወዲያው ደግመው ከደወሉ ቆሜ አነሳለሁ። ብዙ ስልኮችም እንዳይረብሹ ተደርገው ሳሉ ያው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ከደገመ የሚያሳልፉበት ምርጫ አላቸው፤ የኔንም ወንዱ ልጄ እንደዚያ አስተካከለልኝ።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ ሰዓቱ ነዘረ፤ መልእክቱን ላኩ። ደግሞ ነዘረ። ከመንገዱ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ስልኩን አወጣሁ። የሁለት ዓመቱ የልጅ ልጄ ትኩሳት 39 ደርሷል፤ ልጄ እያለቀሰች ነው።

"ውሃ ይጠጣል?"

"ትንሽ ትንሽ።"

"ሽንት ሸንቷል? ስትጠሪው ያይሻል? አንገቱን ወደ ደረቱ ያጥፋል? ትንፋሹ ይፈጥናል? ሰውነቱ ላይ ሽፍታ አለ?"

አንድ በአንድ እያየች መለሰችልኝ። ለሐኪሙ የሌሊት ስልክ አሁኑኑ እንድትደውል፣ ፈዝዞ መንቃት ካቃተው ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ስልክ ሳትጠብቅ ሆስፒታል እንድትወስደው ነገርኳት። ስዘጋ ሰዓቱን አየሁ፤ ተቀምጬ ሳለሁ ምቴ ዳገቱን ስወጣ ከነበረው በልጧል።

አንዲት እናት ሸክሟን ከድንጋዩ ላይ አስደግፋ ቆማ ኖሯል። "ልጅ ነው?" አለችኝ።

"የልጅ ልጅ።"

"እግዜር ይማርልሽ" ብላ ሸክሟን አስተካክላ ወረደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው መታጠፊያ ላይ ተገናኘን፤ ሰላምታዬን ሳትጠብቅ "ትኩሳቱ በረደለት?" አለችኝ።

በርዶለታል፤ ጆሮውን ነበር ያመመው።