ክረምቱን ምን እንሥራበት?



ግቢያችን ውስጥ «አመራር» የሚለው ቃል በዝቷል። ሥልጠናው፣ ባነሩ፣ የምስክር ወረቀቱ... ሁለት ቀን ተቀምጠን መሪ ሆነን የምንነሳ ይመስላል። (የሻይ ሰዓቱን ግን አንጠላውም።) ከፍተኛ ትምህርት ለአገር መሪ ያፈራል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የራሳችንን አገር ታሪክ ማስታወስ ይበቃል።

በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ማገልገል ግዴታው ሆነ። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር፤ በየአውራጃው ያሉት ትምህርት ቤቶች መምህር አጥተው ነበርና። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ያስተማሩት ትምህርት ብቻ አይደለም። ጭሰኛ ሲባል በንግግር ብቻ የሰማ የከተማ ልጅ የጭሰኛውን ልጅ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ፊደል አስቆጠረ። አገሩን ሳያውቅ አገር ሊመራ የሚነሳ ሰው የሚጎድለው ይኼው ነው።

ዛሬስ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩም ዓመት ነገሩ አልተሻሻለም። ከመካከላችን በሬሜዲያል አልፈን እዚህ የደረስን ስላለን ቁጥሩ ለእኛ ወሬ አይደለም፤ የሰፈር ጓደኞቻችን ናቸው።

ለዚህ ነው በዚህ ክረምት በየትውልድ ቀያችን የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በነፃ እናስጠና የሚል ሐሳብ በጀመዓችን ሹራ ላይ የተነሳው። «ክረምት የዲን ትምህርት ጊዜ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ በዱንያ ትምህርት ተጠምደን ከርመን እሱንም እንስጥ?» ያሉ ወንድሞች አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ግን ጠዋት ኪታብ ቀርቶ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ሒሳብ ማስጠናት ይቻላል። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ሥራው ቀላል አይደለም። የመስጂድ ኮሚቴውን ቁልፍ መለመን አለ፤ ቀበሌው ደብዳቤ ይጠይቃል፤ በመጀመሪያው ቀን አርባ ልጅ መጥቶ በሦስተኛው ቀን አሥራ አንድ ይቀራል። የቀሩትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ አባትን ማሳመን፣ የጠመኔ ገንዘብ ማዋጣት... በሥልጠናው ያልነገሩን አመራር ይኼ ነው። እህቶቻችን ካልገቡበት ደግሞ ግማሹ ነገር ይቀራል፤ ሴት ልጁን የሚልከው አስተማሪዋ ሴት መሆኗን ሲሰማ ብቻ የሆነ ወላጅ ብዙ ነው። ስለዚህ እህቶች በአስተማሪነት ብቻ ሳይሆን ዕቅዱን በሚያወጣው ኮሚቴም ውስጥ ይኑሩ እንላለን።

ምዝገባው ከጁምዓ በኋላ ይካሄዳል። ስም፣ ወረዳና ማስተማር የምትችሉትን የትምህርት ዓይነት ጻፉ። እስካሁን ለባዮሎጂ ዘጠኝ ሰው አለን፤ ለፊዚክስ አንድ።