ልጆቻችን ስለ ሮማ ሲጠይቁን



እ.ኤ.አ. በ70 የሮማ ጦር ቤተ መቅደሱን ካፈረሰ በኋላ ቄሣር ቬስፓሲያን በወርቅ ሳንቲም ላይ አንዲት የተማረከች ሴት አስቀረጸ፤ «ይሁዳ» የሚልም አስጻፈበት። በዚያ ዘመን ጋዜጣ አልነበረም፤ የንጉሥ ወሬ በገንዘብ ላይ ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

እዚህ ሃይፋ ልጆቻችን ይህን የመሰለ ታሪክ ሰምተው ሲመጡ «በእናንተ አገርስ ምን ነበር?» ይሉናል። ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። ወላጅ ዝም ሲል ልጁ ከኋላው ምንም የሌለ ይመስለዋል፤ ውሎ አድሮም ምክሩን መስማት ይተዋል። በማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን በብዙ ቤት አይተናል።

መልስ ግን አለን። በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ የራሱን የወርቅ ሳንቲም አሠራ። በዚያን ጊዜ ይህን የሚያደርጉ መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የባሕር ማዶ ነጋዴ እንዲቀበለው የክብደቱ ልክ ከሮማው ጋር የተቀራረበ፣ ጽሑፉም በግሪክኛ ነበር። በ1980ዎቹ የመን ውስጥ ኤደን አጠገብ ከ800 በላይ የሮማ ወርቅና ከ300 በላይ የአክሱም ወርቅ አንድ ላይ ተቀብሮ ተገኝቷል። ለአገር ቤት ገበያ የተሠራው ብርና መዳብ ደግሞ ከጊዜ በኋላ በግዕዝ ይጻፍበት ጀመር። ግዕዝ ቄሶቻችን የሚጸልዩበት ቋንቋ ነው።

እርግጥ ነው፣ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ ወዲህ በሳንቲሙ ላይ መስቀል አለ። «ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገሥታቱ የእኛን ሃይማኖት አልያዙም። አገሩ ግን አባቶቻችን የኖሩበትና የተቀበሩበት ነው፤ ፊደሉም የጋራችን ነው። ለልጅ ሁለቱንም ሳይደብቁ መንገር ይገባል።

ስለዚህ አንድ ምሽት የ10 ሼኬሉን ሳንቲም ከኪሳችሁ አውጡ። በላዩ ላይ ያለው የተምር ዛፍ፣ በሮማ ላይ ያመፁት አይሁድ ባሠሩት ገንዘብ ላይም ነበረ። ልጁ የዕብራይስጡን ጽሑፍ ያንብብላችሁ። እናንተ ደግሞ በተራችሁ ስሙን በእኛ ፊደል ጻፉለት፤ ስለ አክሱም ወርቅም ንገሩት። መጻፍ የማይችል ወላጅም ቢሆን መንገር አያቅተውም።