የፓምፑ አምፔር ከታርጋው ሲያልፍ

የቀወት አርሶ አደሮች! ዛሬ ስለ ሽንኩርት በሽታ አይደለም፤ ሽንኩርቱን ስለሚያጠጣው የመብራት ሞተር ነው።

ባለፈው በጋ ሮቢ ወንዝ ዳር አንድ የመስኖ ቡድን አዲስ ፓምፕ ሲሞክር አብሬያቸው ነበርኩ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችው ታርጋ 15 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፣ 29.5 አምፔር ትላለች። ውሃው ቦዩን ሞልቶ ሲወጣ እልልታው ቀለጠ። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሲለካ ግን 34 አምፔር! ትንሽ ቆይቶ ኦቨርሎዱ ሞተሩን አጠፋው።

አንዱ ወጣት «ኦቨርሎዷን ከፍ እናድርጋትና ይሥራ፣ ሽንኩርቱ ደረቀ እኮ» አለ። እውነቱን ነው፤ ሽንኩርት ራስ ሲቋጥር ውሃ ቀጠሮ አይሰጥም። ግን ይሄ ሌባ ሲመጣ የጮኸውን ውሻ አፉን ማሰር ነው። 34 ከ29.5 የሚበልጠው በ15 በመቶ ብቻ ነው፤ ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን በሲሶ ይጨምራል። አብዛኛው ሞተር ደግሞ የተሠራው እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ አየር ነው። ግንቦት ላይ በቆርቆሮ ቤት ተዘግቶበት ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ ቫልቩ እስከ ጥግ ተከፍቷል፣ ቧንቧው አጭር ነው፣ ከፍታውም ትንሽ ነው። ፓምፑ ከታሰበለት በላይ ውሃ እየገፋ ነበር። ብዙ ሰው ቫልቭ ሲጠብ ሞተሩ የሚጨነቅ ይመስለዋል። ሴንትሪፉጋል በሚባለው በተለመደው ፓምፕ ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚገፋው ውሃ ሲቀንስ አምፔሩም ይወርዳል። የመውጫውን ቫልቭ ቀስ በቀስ ሲያጠቡት 28 ላይ አረፈ። ውሃው ጥቂት ቀነሰ፣ ሞተሩ ግን እስከ ማታ ሳያቋርጥ ሠራ። የመምጠጫውን በኩል ግን አታጥቡ፤ መውጫውንም ጨርሳችሁ ዘግታችሁ አታሠሩ፣ ፓምፑ ውስጥ የቀረው ውሃ ይግላል።

በዚህ ካልወረደ ቮልቴጁን አስለኩ። ከትራንስፎርመር ርቆ በቀጭን ሽቦ የመጣ መብራት 380 መሆኑ ቀርቶ 340 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ተጨማሪ አምፔር ይስባል። ሦስቱም ፌዝ ይለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ከሄደ ወዲያው አጥፉ። ሲነሳ ለጥቂት ሴኮንድ አምስት ስድስት እጥፍ ቢዘል ግን አትደንግጡ፣ የሚነበበው ውሃው ከተረጋጋ በኋላ ነው።

ሽቦ መንካት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቁጥሩን ጠይቆ መጻፍ ግን የእናንተ። ታርጋዋንም ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ፀሐይና አቧራ ፊደሏን ሳያጠፏት።