ከሙከጡሪ እስከ ዩኤስአር ሎካል

ያኔ የመርሐቤቴዋን ዓለም ከተማ ያልረገጠ እንግዳ ሲመጣብን መንገዱን የምንነግረው እየዘፈንን ማለት ይቻላል፦ ሙከጡሪ ላይ ታጠፍ፣ ለሚን እለፍ፣ ወደ ጀማ ወንዝ ውረድ፣ ተሻግረህ ዳገቱን ውጣ! አንዷን ከዘለልክ መርሐቤቴን እርሳት። አዲስ አበባ ገብቼ ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ ኤዲተር ከምንጭ ኮዱ ስገነባ የገጠመኝም ይኸው ነበር፤ ፋይሎቹ የት እንዳሉ አስቀድሞ ያልተነገረው ኤዲተር የትም አይደርስም።

አቤት ያ ጊዜ! «ኮንፊገር» ብለን፣ «ሜክ» ብለን፣ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ስክሪኑ ገና መስመር ይደረድራል። ዝም ካሉት ኢማክስ ሁሉንም ነገር «ዩኤስአር ሎካል» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ሊከት ይሄዳል፤ እዚያ ለመጻፍ ደግሞ የአስተዳዳሪው ይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ማን ሊሰጠን! መውጫችን «ፕሪፊክስ» የምትባል አማራጭ ነበረች። ከ«ኮንፊገር» ቀጥሎ የራስህን ፎልደር ትጽፋለህ፤ መንገዱ «ኢፓዝስ» በምትባል ትንሽ ፋይል ውስጥ ይሰፍርና ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይገነባል። ከዚያ በኋላ ማንን ትለምናለህ? የ1980ዎቹ ሰዎችማ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) «ፓዝስ» የምትባለዋን ፋይል ከፍተው በእጃቸው ያርሟት ነበር፤ ጀግኖች ናቸው።

አማርኛው ደግሞ የጉድ ነው! ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ ያዘጋጀው የግዕዝ ፊደል ድጋፍ በ1997 እ.ኤ.አ. ከኢማክስ 20 ጋር መጣልን። መተየቢያው ግን «ሊም» በሚባል፣ ለብቻው በሚወርድ ጥቅል ውስጥ ነበር። ሊምን በምንጭ ኮዱ ላይ ሳትዘረጋ ከገነባህ አማርኛ መጻፍ አይታሰብም። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ግን፣ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትመታ «ሰላም» ብቅ! ክፍሉ ውስጥ እልል ልንል ምን ቀረን?

ዛሬ ስልክ የያዘ የዓለም ከተማ ልጅ ተርመክስ የሚባለውን መተግበሪያ ይጭንና በአንዲት ትእዛዝ ኢማክስን ያወርዳል። አንድሮይድ ላይ የለመድነው «ዩኤስአር» የለም፤ ስለዚህ የተርመክስ ሰዎች ነባሪውን መንገድ «ዳታ/ዳታ/ኮም.ተርመክስ/ፋይልስ/ዩኤስአር» ብለው ቀድመው አስገብተውበታል። ከጀማ ቁልቁለት ይረዝማል! ልጁ ግን አይቶትም አያውቅ። እኔ በበኩሌ አልቀናም፤ ትንሽ ግን ይገርመኛል። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢማክስ 30 ጭራሽ አንድሮይድን በይፋ ይደግፋል።

ኢማክስ ያላችሁ ሞክሩት፦ ኮንትሮልን ይዛችሁ ኤች፣ ለቃችሁ ደግሞ ኤች። በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ሰላምታ ይዘረገፋል፤ አማርኛውም እዚያው አለላችሁ።