አንድ ፒፓ ለአንድ ትምባሆ

በአገራችን ቤት ያደገ ሰው ዕቃ ሁሉ የየራሱ ሥራ እንዳለው ያውቃል። በእንጀራ ምጣድ ቡና አይቆላም፤ በጠጅ ጋን ጠላ አይጠነሰስም፤ ወተት የሚቀመጥበት ቅልም በወይራ ጢስ ታጥኖ ለወተት ብቻ ይሰነብታል እንጂ ሌላ ነገር ቢጨመርበት ባለቤቲቱ ትቈጣለች። ምክንያቱን የጠየቅናት እንደ ሆነ ብዙ አታብራራልንም፤ «ጠረኑን ይለውጠዋል» ብላ ታልፋለች። ነገሩም በእውነቱ ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሸክላና ቅል፣ እንጨትም ጭምር፣ ያደረባቸውን ነገር ይጠጣሉ፤ የጠጡትንም በሌላ ቀን መልሰው ይሰጣሉ።

እኛ ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ዕቃ ግን ከማድቤት የወጣ አይደለም፤ ፒፓ ነው። አንዳንድ አንባቢ «በዚህ ዘመን ስለ ትምባሆ ምን ተብሎ ይጻፋል?» ይለን ይሆናል። እኛ ራሳችን አናጤስም፤ ሌላውም እንዲያጤስ አንመክርም፤ ይህን የምንልበትንም ምክንያት ወደ ታች እንገልጻለን። ይሁን እንጂ ሰው በሚጎዳው ነገር ላይ እንኳ ጥንቃቄና ሥርዓት ሲያበጅ ማየት የሚያስገርም ስለ ሆነ ነገሩን በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም።

አጎታችን በድሬዳዋ ባቡር ጋራዥ መካኒክ ነበሩ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማይቱም የሐዲዱ ልጅ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከሐዲዱ ጋር ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡና ሕንዱ መጣ፤ ከእነዚህም ጋር ፒፓ መጣ። አጎታችን ፒፓ ማጤስን የተማሩት ከአንድ ፈረንሳዊ አለቃቸው ነበር። ጡረታ ወጥተው ሳቢያን ቤት ሠርተው ከገቡ በኋላም ከሥራ ይዘውት የመጡት ልማድ ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው ሰዓት ማክበር፣ ሁለተኛው ይኸው ፒፓ።

ፒፓዎቻቸው ሦስት ነበሩ። በግድግዳው ላይ በተቸነከረች ጠፍጣፋ እንጨት በተርታ ይሰቅሏቸዋል። በአንገታቸውም ላይ ከቀጭን የመዳብ ሽቦ የተሠራ ቀለበት አለባቸው፤ በአንዱ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት። አንድ ቀለበት ያለው የማለዳው ነው፤ በዚያ ቨርጂንያ የሚባለው ወርቅማ ቅጠል ብቻ ይጤሳል፤ ጠረኑ የደረቀ ሣር ይመስላል። ሁለት ቀለበት ያለው ላታኪያ ለተቀላቀለበት ጥቁር ትምባሆ የተሰጠ የማታው ነው። ሦስተኛው ቫኒላ የመሰለ ሽቱ ለተጨመረበት ትምባሆ ነው፤ ይህንንም የሚያነሡት በበዓል ቀን ወይም እንግዳ ሲመጣ ነበር። ትምባሆውን ከጅቡቲ የሚያመጡላቸው በባቡር የሚሠሩ ወዳጆቻቸው ነበሩ። የማታው ትምባሆ አልቆ የማለዳው ቢተርፍ በማታው ፒፓ ያንን አያጤሱም፤ ባዶውን ይዘው ይቀመጣሉ። እኛም ልጆች ሳለን ይህ እልከኝነት ያስቀን ነበር። አንድ ቀን ብንጠይቃቸው «የሞተር ዘይት በነበረበት ቆርቆሮ የመብራት ጋዝ ትቀዳለህን?» ብለው መለሱልን።

በኋላ ስንመረምረው ይህ የአጎታችን ሕግ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን። በየአገሩ ያሉ ፒፓ ወዳጆች የሚይዙት ደንብ ነው፤ የሚከራከሩበትም አሉ። ትምባሆ በሚነድበት ጊዜ ዘይትና እርጥበት ይወጣዋል፤ ይህም በፒፓው ሆድ ግድግዳ ላይ እየተጋገረ ጥቁር ጥቀርሻ ይሆናል። ጥቀርሻው ጠላት አይደለም፤ እንጨቱን ከእሳት ይጠብቀዋል። አዲስ ፒፓ ጥቀርሻ እስኪይዝ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ እየተሞላ በቀስታ ይጤሳል፤ እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚያሟሹት መሆኑ ነው። ጥቀርሻው ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ ያለፈ እንደ ሆነ መፋቅ አለበት፤ በሙቀት ጊዜ እሱና እንጨቱ እኩል ስለማይሰፉ ፒፓው ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠረን የሚያድረው እንግዲህ በዚህ ጥቀርሻና በእንጨቱ ውስጥ ነው። እሳቱ በተነሣ ቍጥር የትናንቱ ትምባሆ ከዛሬው ጋር አብሮ ይነሣል። የዛሬው ለስላሳ፣ የትናንቱም ብርቱ ከሆነ፣ የሚሰማው የትናንቱ ነው።

ከሁሉም ብርቱ የሚባለው ላታኪያ ነው። ስሙን ያገኘው በሶርያ ካለችው የወደብ ከተማ ነው፤ ዛሬ በገበያ የሚገኘው ግን አብዛኛው ከቆጵሮስ የሚመጣ ነው። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ በጭስ ቤት ተሰቅሎ በእንጨትና በቍጥቋጦ ጢስ ለብዙ ጊዜ ይታጠናል፤ ጠቍሮም ይወጣል። ላታኪያ አንድ ጊዜ የገባበት ፒፓ ለሌላ ትምባሆ አይመለስም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሽቱ የተጨመረበትም እንዲሁ ነው፤ ጣፋጩ በእንጨቱ ላይ እየተጣበቀ ይቀራል።

ዕቃው የተሠራበትም ነገር ልዩነት ያመጣል። የሸክላ ፒፓ እሳት ውስጥ ተጨምሮ ሲግል ጥቀርሻው ተቃጥሎለት እንደ አዲስ ይነጣል፤ ስለዚህ የቀድሞ ጌታውን ፈጥኖ ይረሳል። በቱርክ አገር በእስኪሸሂር አጠገብ ከሚቈፈረው፣ «የባሕር አረፋ» ከሚሉት ነጭ ድንጋይ የተሠራውም ጠረን አይዝም ይባላል፤ ስለዚህ አንድ ፒፓ ብቻ ለመያዝ የሚሻ ሰው ይመርጠዋል። የማይረሳው የእንጨቱ ነው። በዓለም የታወቀው የፒፓ እንጨት የሚወጣው በሜዲቴራንያን ባሕር ዳርቻ ከሚበቅል ቍጥቋጦ ሥር ነው። ከግንዱና ከሥሩ መካከል ያበጠው ጕጥ ይቈረጣል፤ ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል፤ ለወራት ደርቆ ይቀረጻል። ታዲያ ይህ ተክል ባዕድ አይደለም። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለው የእኛው አስታ በዘሩ ያው ነው። ባላገሩ ለማገዶ የሚቈርጠውን እንጨት፣ ሳን ክሎድ በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ፒፓ ጠራቢዎች ለረጅም ዘመን እንጀራቸውን ሲያወጡበት ኖረዋል። አጎታችን ይህን ቢያውቁ ኖሮ ከባሌ ጕጥ ያስመጡ ነበር ብለን እንገምታለን፤ እጃቸው ሥራ ፈት አልነበረምና።

በሐረርጌ ገጠር የኖረው የትምባሆ ዕቃ ግን ጋያ ነው። ሆዱ ውኃ የያዘ ቅል፣ ዘንጉ ሸንበቆ፣ ራሱ ሸክላ ነው። ገበሬው የሚያጤሰው የአገሩን ቅጠል ብቻ ስለ ሆነ የመለየት ጣጣ የለበትም፤ ቅሉም ሳይጠየቅ የአንድ ትምባሆ ብቻ ሆኖ ያረጃል። ከተማ የገባው ሺሻ ግን ጣጣው የመጣው ከነቧንቧው ነው። የአኒስ ሽታ ያለው የፖም ትምባሆ በቧንቧው ውስጥ ስለሚያድር፣ ሺሻ ወዳጆች ለእርሱ ሌላ ቧንቧ ይለያሉ። እንግዲህ ሰው በየሄደበት አንድ ዓይነት ሕግ ሲያወጣ እናያለን።

ስለ ትምባሆ ብዙ የተባለባት አገር ናት ኢትዮጵያ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን ከልክለው በብርቱ ይቀጡ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በዘመናችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶች ውስጥ ማጤስን፣ ጣዕም የተጨመረበትንም ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። እንደዚህ ከሆነ ከሦስቱ ፒፓዎች አንዱ፣ የበዓሉ፣ ምግቡ በሕግ የተቋረጠበት ሆኗል ማለት ነው። አጎታችን ግን አዋጁን አላዩም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በጕሮሮ ካንሰር ሞተዋል።

የፒፓ ጢስ ወደ ሳንባ አይሳብም፣ ስለዚህ አይጎዳም የሚል አሳብ በእሳቸው ዘመን የተለመደ ነበር። ጢሱ ሳንባ ባይገባ አፍንና ከንፈርን፣ ምላስንና ጕሮሮን ያገኛል፤ ካንሰሩም በዚያው ይበቅላል። ውኃ ያጣራዋል የሚባለውም ጋያ ሆነ ሺሻ ከዚህ አያድንም። ሐኪሙ ማጤስ ከከለከላቸው በኋላ አጎታችን ስምንት ወር ያህል ኖሩ። ድምፃቸው እየጠፋ ሄዶ በመጨረሻ በጽሑፍ ነበር የሚያነጋግሩን። በነዚያ ወራት ሦስቱን ፒፓዎች ከግድግዳው ያስወርዱና ዐይናቸውን ጨፍነው ባዶአቸውን ያሸትታሉ፤ ቀለበቱን ሳይዳስሱም የትኛው የትኛው እንደ ሆነ በጣታቸው ቍጥር ያሳዩናል። አንድም ቀን ተሳስተው አላየንም። ሥርዓታቸውን ባይጠብቁት ኖሮ ሦስቱም አንድ ዓይነት ጠረን ይኖራቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ምን ይይዙ ነበር ብለን እናስባለን።

ከቀብሩ በኋላ የፒፓዎቹ ነገር በቤተ ዘመዱ መካከል ተነሣ። ባለቤታቸው፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ በዕድሜያቸው ሙሉ ጢሱን ሲረግሙ የኖሩ ናቸው፤ ባላቸውን የገደለ ዕቃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲያዩ ማን ሊያስገድዳቸው ይችላል? ከውጭ አገር የመጣው የወንድማችን ልጅ ፒፓ ማጽዳት ያውቅ ነበርና ዘዴውን ነገረን። ጥቀርሻው ከተፋቀ በኋላ ሆዱ በጨው ይሞላል፤ በጨው ላይ ጥቂት አልኮል ይፈስበታል፤ አድሮ ሲታይ ጨው ዘይቱን ጠጥቶ ቡናማ ይሆናል። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደጋገም ጠረኑ አብዛኛው ይለቃል። «ከዚያ በኋላ ለማስታወሻ ማስቀመጥ ይቻላል» አለ።

እኛ በዚህ አልተስማማንም። እንጨቱ ከገበያ የሚገዛ ነው፤ በውስጡ ያደረው ግን የትም አይገዛም። ከዚህም በላይ የአጎታችን ድምፅ በካሴት አልተቀረጸም፤ ፎቶግራፋቸውም ሦስት ወይም አራት ብቻ ነው። ታጥቦ ንጹሕ የሆነ ፒፓ የማንም ፒፓ ነው። ነገር ግን ቤቱ የእትዬ ነውና አሳባችንን ተናግረን ፍርዱን ለእሳቸው ተውነው።

እትዬ የማለዳውን አሽትተው ዝም ብለው መለሱት። የበዓሉን ሲያሸትቱ ፊታቸውን አዞሩ። የማታውን ግን፣ ያን ላታኪያ የኖረበትን፣ ካሸተቱ በኋላ ቶሎ አላስቀመጡትም። «ይኸ ትምባሆ አይደለም፤ ይኸ የታጠነ የወተት ቅል ነው» አሉ። የእንጨት ጢስ ጠረን ነበርና አልተሳሳቱም። ከዚያ በፊት ግን ያን ፒፓ በእጃቸው ይዘው አያውቁም ነበር።

ሁለቱ በጨው ታጠቡ፤ የወንድማችንም ልጅ ይዟቸው ሄደ። ሁለት ቀለበት ያለው ሳቢያን ቀረ። እትዬ በነጠላ ጠቅልለው የአዘቦት ልብስ ከማይገባበት ሳጥን ውስጥ አኖሩት፤ የልጅ ልጆቻቸው ለጨዋታ እንዳያወጡትም ቍልፉ ከአንገታቸው አይወርድም።