መናሄሉ ሲለወጥ

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎንደር ገጠር ከአባቴ ዘንድ ነው፤ ቀጥሎ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ፣ እዚህ አገር መጥቼም መምህር ሆንኩ። ብዙ መናሄል አይቻለሁ። ስለ ሁለቱ ብቻ ላጫውታችሁ።

የመጀመሪያው አዋቂ ነበር። ሕጉን ያውቃል፣ በጀቱን ያውቃል። ልቡ ግን ከሥራው ወጥቷል፤ ለጡረታው የቀረውን ወር ይቆጥራል። ወላጅ ሲመጣ ጸሐፊዋ "ዛሬ አይመችም" ትላለች። እኛ መምህራንም ቀስ በቀስ እሱን መሰልን። ምን እደብቃችኋለሁ፣ እኔም መሰልኩ። አንድ የኛን ልጅ በሒሳብ ዝቅተኛው ሃክባጻ ሲያስገቡት አየሁ። ልጁ ሒሳቡን ይችላል፤ የጥያቄው ዕብራይስጥ ነው ያልገባው። ዝም አልኩ። እዚያ የቀረ ልጅ በባግሩት ቢደርስ 3 የሂዶት ነው፤ 4 እና 5 ሩቅ ነው። ኋላ እናቱ መንገድ ላይ አገኘችኝና "መምህር፣ አንቱ እዚያ አልነበሩም?" አለችኝ። ምን ልመልስ?

ሁለተኛዋ መናሄል ስትመጣ ሕንፃው ያው፣ መምህሩ ያው፣ ልጆቹም ያው ናቸው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ልጆቹን በስማቸው ትጠራለች። ይህን ማንም ትጉህ ሰው ያደርገዋል። እሷ ግን ሥራውንም ታውቃለች። የእያንዳንዱን ልጅ ውጤት ዘርግታ "ይህ ልጅ ለምን እዚህ ሆነ?" ትለናለች፤ "ሰነፍ ነው" የሚል መልስ አትቀበልም። ጥያቄውን በቃል አንብበንላቸው እንደገና ፈተንናቸው፤ ከፍ ወዳለው ሃክባጻ የተሻገሩ ነበሩ። እኔም ሳልታዘዝ ማልጄ መግባት ጀመርኩ።

አባቴ ትዝ አለኝ። ለሲግድ ወደ ተራራው ሲወጣ እንደ ሕዝቡ ጾሞ ከፊት ነው፤ ግን ሽማግሌዎቹ የት ላይ እንደሚደክሙም ያውቅ ነበር፣ እዚያ ቆም ይላል።

እንግዲህ አሴፋት ሆሪም ስትሄዱ መሐኔሁን ብቻ ሳይሆን መናሄሉንም ጠይቁ፦ ልጄ የትኛው ሃክባጻ ነው? ለምን? እንደገና የሚታየው መቼ ነው? አስተርጓሚም እነሱ ያምጡ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ክፉውን ወሬ እያለሰለሰ ነው የሚነግራችሁ።

ያ ልጅ ከሠራዊት ከወጣ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ገብቶ ሒሳብ እንደ አዲስ ይማራል። ባለፈው ሲግድ ኢየሩሳሌም ላይ አገኘሁት። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት። ስለ ሒሳቡ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።