«ስንት ጊዜ አበራችሁት?»

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ቀጭ።

ድምፁን የሰማነው ለመስቀል ቡታጅራ ቤታችን የተሰበሰብን ማታ ነው። መብራት ሄዶ መጣ፣ መጥቶ ሄደ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ የወንድም ጋሼ ኮምፒውተር አልነሳም አለ። ስክሪኑ ጥቁር፣ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ከሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ያ ድምፅ። ለመስቀል ሁሉም ከያለበት አገር ቤት ሲገባ ቤቱ ሰው በሰው ነው። ሰው በሞላበት ቤት ደግሞ የኮምፒውተር አዋቂ አይጠፋም። አንዱ አጥፍቶ አበራው። ሌላው ገመዱን ነቅሎ ሰካው። የአክስቴ ልጅ ድሮ ቴሌቪዥን እንደምናደርገው ጎኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አዲስ አበባ ቢሮ የሚሠራው ዘመዳችን «ራሱ ይጠግነዋል» ብሎ በፍላሽ ዊንዶውስ አስነሣና የዲስክ ማረሚያውን ከፍቶለት ተኛ። ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አደረ።

ጠዋት ድምፁ ብሶበት ነበር።

ከዚያ የፍሪዘሩ ምክር መጣ። ሃርድ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልለን ፍሪዘር ውስጥ ብናሳድረው ይነሳል የሚል ነገር አንዱ የሆነ ቦታ አንብቧል። ያዳነን እውቀት አይደለም፣ የመስቀል ሥጋ ነው፤ ፍሪዘሩ ጢም ብሎ ለዲስክ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። (ከፍሪዘር የወጣ ዲስክ ልክ እንደ ቀዝቃዛ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ላብ ያወጣል። ያ ላብ ውስጥ ከገባ መቀበሪያው ነው።)

ዲስኩ 500 ጊጋ ነው። የወንድም ጋሼ የሱቅ ሂሳብ አለበት፣ የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ አለበት፣ ከአሥር ዓመት በላይ የተጠራቀመ የመስቀል ፎቶ አለበት። አንድ የድምፅ ፋይልም አለበት። አያቴ ባረፉበት ዓመት፣ በስልኬ ቀድቼያቸው የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ። ስልኩ በኋላ ተሰረቀ። እኔ ግን «ወንድም ጋሼ ኮምፒውተር ላይ አለ» ብዬ ለዓመታት በሰላም ተኝቻለሁ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ያ ሳጥን ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ እኔም ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። በሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያበሩ ሳህኖች አሉ። የብዙዎቹ ዴስክቶፖች ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 120 ጊዜ ማለት ነው። የሚያነበው ጫፍ፣ ጠጋኞች «ሄድ» የሚሉት፣ ሳህኑን አይነካም። ሳህኑ ሲዞር በሚፈጥረው ነፋስ ላይ ተንሳፍፎ ከላዩ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይሄዳል። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ነው፤ ለእሱ የቡታጅራ አቧራ አንዷ ቅንጣት ተራራ ናት። አይቢኤም በ1956 (በፈረንጆቹ) የመጀመሪያውን ሲሠራ 50 ሳህን ደርድሮ፣ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ሆኖ፣ የያዘው 3.75 ሜጋባይት ገደማ ነበር። ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፣ ሳይነካ ተጠግቶ ማንበቡ ግን ያው ነው።

ሄዱ ሲዳከም የሚፈልገውን ቦታ ያጣዋል፤ ወደ መነሻው ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይመለሳል። ቀጭ ቀጩ ያ ነው። መብራት ድንገት ሲቋረጥ ወይም ሲዋዥቅ ደግሞ ሳህኑን እስከመንካት ሊደርስ ይችላል። የነካበት ቦታ ይፋቃል። የተፋቀው ዱቄት ፎቶው ራሱ ነው። ዱቄቱ መልሶ ከሄዱ ሥር ይገባና ሌላ ይፍቃል። እኛ በየተራ «እስቲ እኔ ልሞክር» ባልን ቁጥር ይህ ሁሉ እየሆነ ነበር።

ሌሊቱን ያሳደርነው ማረሚያም ለዚህ አልተሠራም። እሱ የጤነኛ ዲስክን የፋይል መዝገብ የሚያቃና ነው። የታመመው ላይ ሲለቁት አንብብልን ያልነውን ትቶ መጻፍ ይጀምራል፣ ያልገባውን ቆርጦ ይጥላል።

በሦስተኛው ቀን ዲስኩን በነጠላ ጠቅልዬ ወልቂጤ ሄድኩ። ጉብሬ ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካ ወጣት በዝቷል። የአጎቴ ልጅም እዚያ ሲማር ላፕቶፑን ያዳነለት አንድ ልጅ ነበር። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ከፊት የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ተሰቅሏል፣ «ፊልምና ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ከኋላ አንድ ጠረጴዛና አንድ የመጠባበቂያ ባትሪ (ዩፒኤስ)። ልጁ ዲስኩን ተቀበለኝ፤ ጆሮው ላይ ለጠፈ፤ መብራት ግን አላገናኘውም።

«ስንት ጊዜ አበራችሁት?»

«ሁለቴ… ሦስቴ ቢሆን ነው።»

ሳቀ። «እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እኔ አልቆጣም።»

ነገርኩት። ማረሚያውንም፣ ጥፊውንም፣ የፍሪዘሩንም ነገር። ሐኪም ቤት ገብቶ የጠጣውን የባህል መድኃኒት ሁሉ እንደሚናዘዝ ሰው ሆንኩ። እሱ የታከተው ሰው ነበርና አልገሠጸኝም። «ሰው እኔ ጋ ዲስክ ይዞ የሚመጣው ከሞከረ በኋላ ነው» አለ። «ድምፁን እንደሰማ ነቅሎ ቢያመጣው ግማሹ ሥራ የእኔ አይሆንም ነበር።»

ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን የባሰ ከበደኝ። «መሀል ላይ ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ ምኑን ላውጣ?»

ቡታጅራ ደወልኩ። ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ። ወንድም ጋሼ ሂሳቡን አለ፤ የሚያስከፍለው ዱቤ ሁሉ እዚያ ነው። እህቴ ሠርጌን አለች፣ ከዚያ ቶሎ ብላ «ግን እናንተ እንዳላችሁ» ጨመረች። ልጆቹ ፎቶ አሉ። እማዬ ስልኩ ሲደርሳት ምንም ሳታቅማማ «የእናቴን ድምፅ» አለች። ሂሳቡ እንጀራ ነው፤ ድምፁ ግን… ክርክሩ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ፤ ካርዴ አለቀ። በመጨረሻ ወንድም ጋሼ መልሶ ደወለና «ዱቤ የወሰደውማ ራሱ ያውቃል፣ የእናታችንን እናት አስቀድም በይው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜን በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ልጁ ዊንዶውስን አልነካም። በፍላሽ ሊኑክስ አስነሣና ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ከፈተ፤ አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የሚባል ሰው ከ2004 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚያዘጋጀው ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው። የእኛ ማረሚያ የከበደው ቦታ ላይ ሙጭጭ ብሎ ሲታገል፣ ይሄኛው የቀለለውን ቶሎ ቶሎ ይለቅምና የከበደውን ዘሎ ያልፋል። የዘለለውን በማስታወሻ ይዞ በስተመጨረሻ ይመለስበታል። ማስታወሻው ለወልቂጤ የታሰበ ይመስላል፤ መብራት ሲሄድና ዩፒኤሱ ሲያልቅ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይነሳም። ልጁ ባስቀደምነው አቃፊ ጀመረ፣ ከዚያ ዲስኩን ሙሉውን እንዳለ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ገለበጠ። ከታመመው ዲስክ ይነበባል እንጂ በላዩ ላይ አንዲት ፊደል አይጻፍም። የቀረው ሥራ ሁሉ በግልባጩ ላይ ነው።

ሦስት ቀን ፈጀ። በመሀሉ የዲስኩን የራሱን የጤና መዝገብ አሳየኝ። ለካ ሃርድ ዲስክ ስንት ቦታው እንደተበላሸና ስንቱን ማንበብ እንዳቃተው ራሱ ይቆጥራል፤ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይህን በቀለም ያሳያል፣ ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቅ። የእኛው ለወራት ሳይናገር አልቀረም። የጠየቀው አልነበረም።

ሄዱ ፈጽሞ ቢሞት ኖሮስ አልኩት። «ያኔ እኔ ጋ የለም» አለ፣ እንዲህ በአጭሩ። ዲስኩ አቧራ በሌለበት ልዩ ክፍል ተከፍቶ፣ ከአንድ ዓይነት ሞዴል ላይ ሄድ ተነቅሎ ይገጠምለታል እንጂ በጠረጴዛ ላይ በጠመንጃ መፍቻ አይከፈትም። ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ ቦርድ ከሌላ አምጥቶ መቀየርም ለድሮዎቹ ነው የሚሠራው፤ የአሁኖቹ እያንዳንዱ የየራሱን ልክ የያዘች ቺፕ አለችው። እችላለሁ ብሎ ቢከፍተው ገንዘቤን ይወስድ ነበር። አልቻልኩም ያለኝን ሰው ነው ያመንኩት።

ፎቶዎቹን ፎቶሬክ በሚባል ፕሮግራም ነው ያወጣቸው፤ ክሪስቶፍ ግሬኒየ የሚባል ፈረንሳዊ የሠራው። የፋይሉ መዝገብ ቢጠፋም ፎቶ ሲጀምር የሚታወቅበት ምልክት አለውና እሱን እያሸተተ ያነሣል። ስምና ቦታ ግን አይመልስም። በሺህ የሚቆጠር ፎቶ፣ ሁሉም ስሙ ቁጥር፣ የዘንድሮው ከካቻምናው፣ ሕፃኑ ከሙሽራው ተደባልቆ። እማዬ ለአንድ ሳምንት ስትለይ ቆየች፤ በሰዉ ዕድሜ ሳይሆን በግቢው እንሰት ቁመት ነው ዓመቱን የምታውቀው።

እሷው ናት ባክአፕ (ቅጂ አብዝቶ በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ) ምን እንደሆነ ሳስረዳት «እንደ እንሰቱ ነዋ!» ያለችኝ። የእንሰት ሥር ተቆርጦ ሲቀበር ከአንዱ ብዙ ችግኝ ይወጣል፤ ችግኙ ተነቅሎ ወዲያና ወዲህ ይተከላል። አንድ እንሰት ብቻ ተክሎ የተኛ ሰው አይታ አታውቅም።

ቡታጅራ ስመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። በዚህ አካባቢ ከ1986 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአሥር ቀበሌዎች፣ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ፣ ቤት ለቤት የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባውን፣ የወጣውን ይመዘግብ ነበር። መጀመሪያ በወረቀት ቅጽ፣ ከዚያ በኮምፒውተር። ከዚያ መዝገብ ስንት የጤና ጥናት ወጥቷል፤ የቡታጅራ ስም በዓለም የሕክምና መጽሔቶች የታወቀው በዚያ ነው። ከ1973 (በፈረንጆቹ) ጀምሮም የአገራችን ገዳማት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሱ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሚኔሶታ ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእነዚያ ፊልሞች ነው። ቤታችን ውስጥ ግን ሰባት ትውልድ በአንድ ሳህን ላይ፣ አንድ ያረጀ ሄድ ሥር።

ከ500 ጊጋው ያልተነበበው ጥቂት ሜጋ ብቻ ነው። ሂሳቡ ወጣ። ሠርጉ ወጣ። የአያቴን ፋይል ሁላችንም ተሰብስበን ሰማነው። ይስላሉ፣ ውሃ ይጠይቃሉ፣ «ቀዳሽው እንዴ?» ይሉኛል፣ ከዚያ ይጀምራሉ፦ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ። አምስተኛው ላይ ድምፁ ይቆረጣል። 40 ሰከንድ ያህል ዝም። ከዚያ ተመልሰው ሲመጡ «…እሱ ነው ከማዶ የመጣው» እያሉ ነው።

እማዬ ከዝምታው ውስጥ የአንዱን ስም ታውቀዋለች፤ ጮክ ብላ ጠራችው፣ እኔ ጻፍኩት። ሁለተኛውን ሊያውቁ የሚችሉ አንድ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ከዘቢዳር ግርጌ አሉ። ቅዳሜ ልሄድ ነው። ሁለት ስልክ ይዤ።